ሶኒክን ከነስድስቱ መረግድ እንዴት እንደጨረስኩት

ሶኒክ የተባለውን የቪዲዮ ጨዋታ ገጸ ባሕርይ ለጥቂት ሰከንዶች ያለ ምንም ትእዛዝ አቁማችሁ ብትተዉት፣ ፊቱን ወደ እናንተ ይመልስና ዓይኑን አፍጥጦ በቀይ ጫማው መሬቱን መታ መታ ማድረግ ይጀምራል። በልጅነቴ ይህችን እንቅስቃሴ እንደ ቁጣ እቆጥራት ስለነበር፣ ገና ጫማው ሳይነሣ የቀኙን ቁልፍ ተጭኜ ወደፊት አስፈተልከው ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 የወጣውን የመጀመሪያውን የሶኒክ ጨዋታ መጨረሻ ለማየት ከሃያ ዓመት በላይ የፈጀብኝ በዋናነት በዚህ የተሳሳተ ግምት ምክንያት ይመስለኛል።

በዚያን ጊዜ ጨዋታውን የማውቀው ወንድሙ ከውጭ አገር በላከለት አንድ የሠፈራችን ልጅ ቤት ነው። ተራ የሚለዋወጠው በሞት ስለነበር፣ አንዱ ሲጫወት ከኋላው የተደረደርነው ስድስት ሰባት ልጆች «ሩጥ! ሩጥ!» እያልን እንጮህ ነበር፤ ይህን የምንለው ግማሹን በደስታ፣ ግማሹን ደግሞ ቶሎ ሞቶ ተራው እንዲደርሰን ነው። እኔም ተራዬ ሲደርስ እሮጣለሁ፤ ሮጬም እሞታለሁ። ከሁላችንም ውስጥ ውኃ ውስጥ የሚኬድበትን ላቢሪንዝ የተባለውን ዞን ያለፈ ልጅ አልነበረም።

ባለፈው ዓመት ይህንኑ ጨዋታ ሜጋ ድራይቭ በሚባለው ዋናው መሣሪያ ላይ፣ ካሴቱን ሰክቼ፣ ስድስቱንም የኬዎስ መረግዶች፣ ማለትም በጨዋታው ውስጥ የተደበቁትን የከበሩ ድንጋዮች ሰብስቤ ለመጨረስ ወሰንኩ። ዛሬ በስልክም በኮምፒውተርም ጨዋታውን በፈለጉት ቅጽበት አስቀምጦ ከዚያው መቀጠል እንደሚቻል አውቃለሁ፤ እንደዚያ የሚጫወተውንም ሰው አልነቅፍም። የእኔ ፍላጎት ግን በልጅነቴ ያሸነፈኝን ነገር ባሸነፈኝ መልኩ እንደገና መግጠም ነበር። ጨዋታው ማስቀመጫ የለውም፤ በ3 ነፍስ ተጀምሮ፣ በአንድ መቀመጫ 6 ዞኖች፣ እያንዳንዳቸውም 3 ክፍሎች ያሏቸው፣ በመጨረሻም አንድ ተጨማሪ ፍልሚያ ታልፎ ነው የሚያበቃው። ይህ ሁሉ ስድስት ወር ፈጀብኝ።

ስለ እንስሳው አንድ ነገር ልበል። ሶኒክን በአማርኛ ጃርት የምንለው የተሻለ ቃል ስላላገኘንለት ነው። በእኛ አገር ጃርት የሚባለው ወስፌ የሚያህል ረጅም እሾህ ያለው፣ ሌሊት ድንቹንና በቆሎውን እየቆፈረ ገበሬውን የሚያማርረው ትልቅ እንስሳ ነው፤ ሶኒክ ግን መዳፍ ላይ የሚቀመጥ፣ ሲደነግጥ እንደ ኳስ የሚጠቀለል ሌላ ፍጥረት ነው። በእሾህ ቢመሳሰሉም በዘር አይገናኙም። ጃፓኖች «ሃሪኔዙሚ» ይሉታል፤ ትርጉሙም የመርፌ አይጥ እንደማለት ነው። የመጠቀለሉ ነገር ለጨዋታው መሠረት ስለሆነ ይህ ልዩነት ተራ ጉዳይ አይደለም።

ሴጋ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በወቅቱ የኒንቴንዶን ማሪዮ የሚፎካከር ዋና ገጸ ባሕርይ ይፈልግ ነበር። ሥዕሉን የሣለው ናኦቶ ኦሺማ፣ ፕሮግራሙን የጻፈው ዩጂ ናካ፣ ደረጃዎቹን የነደፈው ሂሮካዙ ያሱሃራ ሲሆኑ፣ ሙዚቃውን የሠራው ድሪምስ ካም ትሩ የተባለው ባንድ አባል ማሳቶ ናካሙራ ነው። መጀመሪያ የታሰበው በጆሮው ዕቃ እያነሣ የሚወረውር ጥንቸል ነበር፤ ነገር ግን ዕቃ ለማንሣት መቆም ሩጫውን ስለሚያቋርጥ ሐሳቡ ተጣለ። ኦሺማ የተለያዩ ንድፎችን ይዞ ኒው ዮርክ በሚገኘው ሴንትራል ፓርክ መንገደኞችን ሲጠይቅ፣ ብዙዎቹ የጠቆሙት ጃርቱን እንደነበር ከዓመታት በኋላ ራሱ ተናግሯል። ከጃርቱ ቀጥሎ የተወደደው ባለ ትልቅ ጢሙ ወፍራም ሰውዬ ደግሞ ክፉው ዶክተር ሆነ፤ ጃፓኖች ኤግማን፣ አሜሪካኖች ሮቦትኒክ ይሉታል። የሚጠቀለል እንስሳ መመረጡ ጨዋታውን በአንድ ቁልፍ ብቻ እንዲከናወን አደረገው፤ መዝለሉም መጠቀለሉም ማጥቃቱም አንድ ነው፤ የሜጋ ድራይቩ ጆይስቲክ ሦስት ቁልፎች ቢኖሩትም ሦስቱም የሚያደርጉት መዝለል ብቻ ነው።

ዩጂ ናካ ስለ አነሣሡ ሲናገር፣ የሱፐር ማሪዮን የመጀመሪያ ደረጃ ደጋግሞ ሲጫወት መንገዱን ባወቀው ቁጥር ለምን የበለጠ ፈጥኖ ማለፍ እንደማይችል ይገርመው እንደነበር ገልጿል። ይህን ያነበብኩት ከብዙ ሽንፈት በኋላ ነው። አስቀድሜ አንብቤው ቢሆን ኖሮ ሦስት ወር ይተርፈኝ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ምክንያቱም ፍጥነቱ መንገዱን አስቀድሞ ላወቀ ሰው የተሰጠ እንጂ መንገዱን ለማወቅ የሚረዳ አይደለም።

መሣሪያውን ያመጣልኝ ፍራንክፈርት የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። ካሴቱን ሰክቼ ስከፍተው ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ሁላችንም በልጅነታችን እንደምናደርገው ነቅዬ እፍ አልኩበት፤ ሠራ። በማግስቱ ግን እምቢ አለ። እፍ ማለት የሚሠራ የሚመስለው ካሴቱ ተነቅሎ ሲሰካ ጥርሶቹ እንደገና ስለሚገጥሙ ነው፤ ከትንፋሽ ጋር የሚወጣው እርጥበት ግን ውሎ አድሮ ጥርሶቹን ያዝጋቸዋል። ከፋርማሲ አልኮል ገዝቼ፣ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ነክሬ ጥርሶቹን በቀስታ ስጠርጋቸው ጥጡ እንደ ከሰል ጠቆረ። አራተኛው ጥጥ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ካሴቱን እንዲደርቅ ትቼ ሰካሁት፤ ከዚያን ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ አላስቸገረኝም።

ቴሌቪዥኑ ሌላ ትምህርት ነበር። ሳሎን ባለው ስስ ቴሌቪዥን ላይ ሥዕሉ ቢታይም፣ ቁልፉን በተጫንኩበትና ሶኒክ በዘለለበት መካከል ዓይን የማይይዘው፣ ጣት ግን የሚያውቀው መዘግየት ነበር። አዲሶቹ ቴሌቪዥኖች የመጣላቸውን የድሮ ሥዕል አሳድገው ለማሳየት ጊዜ ይወስዳሉ። ስለዚህ እማዬ ዕቃ ቤት ያስቀመጠችውን ጀርባው የወጣ የድሮ ቴሌቪዥን አወጣሁ። «ይህን ሁሉ ዓመት አቧራ እየጠረግሁ ያስቀመጥኩት ለዚህ ኖሯል?» አለችኝ፤ መልስ አልነበረኝም። በዚህ ላይ ግን ዕድለኛ ነበርኩ፤ የጀርመንም የእኛም አገር የድሮ ቴሌቪዥን ፓል በሚባለው ሥርዓት ስለሚሠራ ምንም መለወጫ አላስፈለገም።

እዚህ ላይ አንድ ኑዛዜ አለብኝ። ፓል በሰከንድ 50 ጊዜ ሥዕል ሲቀይር የጃፓንና የአሜሪካው ሥርዓት 60 ጊዜ ይቀይራል፤ የመጀመሪያው ሶኒክ ደግሞ ለዚህ ልዩነት አልተስተካከለም። በአውሮፓው መሣሪያ ላይ ጨዋታው ከስድስት እጅ አንድ እጁን ያህል ዘግይቶ ይሄዳል፣ ሙዚቃውም አብሮት ይጎተታል። እንግዲህ የእኔ ድል ከጃፓናዊው ልጅ ድል ቀለል ያለ ነው የሚል ቢመጣ አልከራከረውም።

በመጀመሪያው ወር ያደረግሁት ነገር ልጅ ሳለሁ ካደረግሁት አይለይም። ልዩነቱ አንድ ደብተር መያዜ ነው። በእያንዳንዱ ሞት ላይ ቀኑን፣ የሞትኩበትን ቦታና የገደለኝን ነገር መጻፍ ጀመርኩ። ሁለት ገጽ ሲሞላ «የገደለኝ ነገር» በሚለው ዓምድ ሥር እሾህ፣ ተርብ፣ ሸርጣን፣ ገደል እያልኩ የደረደርኳቸው ሁሉ በእርግጥ አንድ ነገር እንደሆኑ አስተዋልኩ፤ ስሮጥ በድንገት የመጡብኝ ናቸው።

ነገሩን በቁጥር ሳየው ምክንያቱ ግልጽ ሆነልኝ። የጨዋታውን ኮድ ፈትተው ያጠኑ አፍቃሪዎች የሶኒክን እንቅስቃሴ ልክ እስከ ሥረ ነገሩ ጽፈው አስቀምጠዋል። ሜዳ ላይ በእግሩ ሲሮጥ ከፍተኛው ፍጥነቱ በአንድ ሥዕል 6 ፒክስል (ስክሪኑ የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ነው። ስክሪኑ 320 ፒክስል ስፋት ስላለውና ሶኒክ ከመካከሉ ስለማይርቅ፣ ከፊቱ የሚታየው መንገድ 160 ፒክስል ገደማ ነው። በሙሉ ፍጥነት ይህን መንገድ በ27 ሥዕል ይጨርሰዋል፤ ይህም በእኔ ቴሌቪዥን ላይ ከግማሽ ሰከንድ ብዙም የማይበልጥ ጊዜ ነው። ከስክሪኑ ጫፍ ብቅ ያለውን ተርብ አይቼ፣ ተርብ መሆኑን ተረድቼ፣ ጣቴን ለማንቀሳቀስ የነበረኝ ጊዜ ይህ ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ አርባን የተሻገርኩ ሰው ነኝ። በሌላ በኩል ከቆመበት ተነሥቶ እዚያ ፍጥነት ላይ ለመድረስ 128 ሥዕል፣ ማለትም ሁለት ሰከንድ ተኩል ይፈጅበታል፤ የተቃራኒውን ቁልፍ ተጭኖ ለመቆም ግን 12 ሥዕል ይበቃዋል። መፍጠን አዝጋሚ፣ መቆም ፈጣን ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ የግራውን ቁልፍ እንደ ፍሬን መቁጠር ጀመርኩ።

ይሁንና ትልቁን ነገር ያስተማረኝ ደብተሩም ቁጥሩም አይደለም፤ የእህቴ ልጅ ነው። ጨዋታው በመጀመሪያው ገጽ የላይ፣ የታች፣ የግራና የቀኝ ቁልፎች በተራ ተጭነው ሶኒክ በመንገዱ የሚለቅመው የቀለበት ድምፅ ሲሰማ፣ ኤ የሚለውን ቁልፍ ይዞ ስታርትን በመጫን የሚከፈት የደረጃ መምረጫ አለው። ለእውነተኛው ሙከራ ባልጠቀምበትም ለልምምድ ግን እጠቀምበት ነበር። አንድ ቅዳሜ ስታር ላይት የተባለውን፣ በሌሊት ከተማ ላይ የተዘረጉ ረጃጅም ቁልቁለቶች ያሉበትን ዞን እለማመድ ነበር። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ ብስኩት ይበላል። ቁልቁለቱ መካከል ላይ አውራ ጣቴ አልቦኝ ኖሮ ከጆይስቲኩ አንሥቼ ሱሪዬ ላይ ጠረግሁት። በዚያች ቅጽበት ሶኒክ ተፈተለከ፤ ካሜራው ተከትሎት ሄደ፣ እንደ ቆመ ክብ በር የተሠራውን መንገድ ተገልብጦ ዞረና ወጣ። ጣቴን መልሼ ቀኙን ስጫን አዘገመ።

«ጋሼ፣ ሲለቁት ነው እኮ የሚፈጥነው» አለ ልጁ ብስኩቱን ሳያላምጥ።

አላመንኩትም። ሦስት ጊዜ ደጋግመን ሞከርነው፤ ልክ ነበር። በኋላ እንዳነበብኩት፣ በመጀመሪያው ሶኒክ ውስጥ የአቅጣጫ ቁልፉ እስከተጫነ ድረስ ፕሮግራሙ ፍጥነቱን ከ6 እንዳያልፍ መልሶ ይቆርጠዋል፤ ቁልፉ ሲለቀቅ ግን ቁልቁለቱ የሰጠውን ፍጥነት አይነካበትም። በ1992 በወጣው በሁለተኛው ጨዋታ ይህ ተስተካክሏል። እንግዲህ እኔና የሠፈሬ ልጆች «ሩጥ» እየተባባልን ቁልፉን እስኪያመን ድረስ ስንጫን የኖርነው ሶኒክን እየያዝነው ኖሯል። ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ ያን ያህል አጥብቄ የጫንኩበት ምልክት እስከ ዛሬ አውራ ጣቴ ላይ እንደ ኪንታሮት ጠንክሮ መኖሩ ነው።

ስለ መጠቀለልም እንዲሁ። ሶኒክ እየሮጠ የታችኛው ቁልፍ ሲጫን ይጠቀለላል፤ ተጠቅልሎ ሲወርድ ቁልቁለቱ የሚጨምርለት ፍጥነት፣ ተጠቅልሎ ሲወጣ ዳገቱ ከሚቀንስበት አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ ተጠቅልሎ መተው ትልቅ ትርፍ አለው። ወጥመዱ ደግሞ፣ እየተጠቀለለ ሳለ ከዘለለ መሬት እስኪነካ ድረስ አቅጣጫውን መቀየር አለመቻሉ ነው። ይህን ሳላውቅ አሥር ጊዜ ያህል ገደል ገብቼ «ጆይስቲኩ ተበላሽቷል» ብዬ ፈትቼዋለሁ።

የመጀመሪያውን ዞን ግሪን ሂልን ሁሉም ስለሚያውቀው አልዘረዝረውም። ማርብል በተባለው በሁለተኛው ዞን የፈሰሰ እሳተ ገሞራ፣ ከጣሪያ የሚወርድ እሾሃማ ብረትና የሚገፋ ድንጋይ እንጂ የሚሮጥበት ሜዳ የለም። ብዙ ሰው ይህን ዞን አሰልቺ ይለዋል፤ እኔ ግን ንድፍ አውጪዎቹ ገና በሁለተኛው ዞን ሯጩን ያስቆሙት ሆን ብለው ይመስለኛል። አንድ ቀለበት በእጁ ያለ ሶኒክ ቢመታ ቀለበቱ ይረግፋል እንጂ አይሞትም። መቶ ቀለበትም ቢኖር በአንድ ምት ሁሉም ይበተናል፤ ስክሪኑ ላይ የሚታዩትና መልሰው ሊለቀሙ የሚችሉት ግን ከ32 አይበልጡም፣ እነሱም በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይጠፋሉ። በመሆኑም የተበተነውን ሁሉ ለመልቀም ከመሯሯጥ አንዲቷን ይዞ መቆም ይበልጣል። በተለይ እሾህ አጠገብ እንዲህ ነው፤ ሶኒክ ከተመታ በኋላ ብልጭ ድርግም እያለ ለጥቂት ጊዜ ከጠላት ምት ይጠበቃል፣ በዚህ ጨዋታ ግን ያ ጥበቃ ለእሾህ አይሠራም። እሾህ ላይ ወድቆ ወደ ሌላ እሾህ የተወረወረ ሶኒክ ወዲያው ይሞታል። ደብተሬ ላይ «ግፍ!» ብዬ የጻፍኩት እዚህ ቦታ ነው።

ላቢሪንዝ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እቆያለሁ፤ እኔም በእርግጥ ሁለት ወር ቆይቼበታለሁ። ይህ ዞን በውኃ የተሞላ የድንጋይ ዋሻ ነው። ሶኒክ ውኃ ውስጥ የሚቆየው ለ30 ሰከንድ ያህል ሲሆን፣ ሊያልቅ ሲል ከ5 ጀምሮ ወደ ታች የሚቆጥር ቁጥርና እየተጣደፈ የሚሄድ አስጨናቂ ሙዚቃ ይመጣል። አየር ካለቀ ቀለበት አያድንም። ያን ሙዚቃ በልጅነቱ የሰማ ሰው ዛሬም ሲሰማው ትንፋሹን ይይዛል፤ እህቴ ከወጥ ቤት ሆና «አጥፋው!» ብላ የጮኸችው ከሠላሳ ዓመት በፊት ሰምታው ስለነበር ነው።

ውኃ ውስጥ የሶኒክ ፍጥነት በትክክል በግማሽ ይቀንሳል፤ 6 የነበረው 3 ይሆናል። የዝላዩ ነገር ግን ከጠበቅሁት ተለየ። ለብዙ ሳምንታት «ውኃ ውስጥ አጭር ነው የሚዘለው» ብዬ ስለማምን፣ ልደርስባቸው የምችላቸውን መድረኮች ትቼ በረጅሙ መንገድ እዞር ነበር። በኋላ የመነሻ ፍጥነቱንና ወደ ታች የሚጎትተውን ኃይል አስልቼ ሳየው፣ በየብስ የሚዘለው ከፍታ 97 ፒክስል ገደማ፣ ውኃ ውስጥ የሚዘለው 98 ፒክስል ሆኖ አገኘሁት፤ አንድ ነው ማለት ይቻላል። የሚለየው ጊዜው ነው። በየብስ ጫፍ ላይ ለመድረስ 30 ሥዕል ሲበቃው ውኃ ውስጥ 56 ይፈጅበታል። ያሳጠርኩት ራሴ ነበርኩ፤ ቁልፉ በቶሎ ሲለቀቅ ዝላዩ ስለሚቆረጥ፣ እኔም የየብሱን ጊዜ ለምጄ ቁልፉን መሐል መንገድ ላይ እለቀው ነበር። ከዚያ በኋላ ውኃ ውስጥ ስዘል በልቤ «አንድ ሺህ አንድ» ብዬ ቆጥሬ መልቀቅ ጀመርኩ። ሩጫ ላይ ጣት ማንሣት፣ ውኃ ውስጥ ደግሞ ጣት አለማንሣት፤ ጨዋታው አንዱን ሲያስተምር ሌላውን ያስረሳል።

ስለ አየሩም የራሴን ዘዴ አወጣሁ። ወለሉ ላይ አረፋ የሚያፈልቁ ቦታዎች አሉ፤ ትንንሾቹ አረፋዎች ምንም አይጠቅሙም፣ የሚያድነው የሶኒክን አካል የሚያህለው ትልቁ ብቻ ነው። ተጫዋቹ ሲጨነቅ ወደ አረፋው ለመዝለል ይሞክራል፣ ሲዘል ያልፈዋል፣ ሲመለስ አረፋው ፈንድቷል። የሚሻለው ከምንጩ ላይ ቆሞ እጅን ከቁልፉ ማንሣት ነው። ሙዚቃው እየጮኸ፣ ቁጥሩ 3፣ 2 እያለ ምንም ሳያደርጉ መቆም ቀላል አይደለም። ልጁ በእነዚያ ሰከንዶች ፊቱን በትራስ ይሸፍን ነበር። የዞኑ ሦስተኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ደግሞ ዶክተሩ ወደ ላይ በሚወጣ ጠባብ ጉድጓድ ይሸሻል፤ ከታች ውኃው ይከተላል። እንደ ሌሎቹ ዞኖች 8 ጊዜ መምታት የግድ መስሎኝ ብዙ ነፍስ ጨርሼበታለሁ። መምታት አያስፈልግም፤ ከውኃው ቀድሞ ጫፍ ላይ መውጣት ብቻ ይበቃል።

በአራተኛው ወር አንድ ምሽት በ9 ነፍስ ስክራፕ ብሬይን የተባለው የመጨረሻው ዞን ሁለተኛ ክፍል ደረስኩ። የሚሽከረከሩ መጋዞችንና ከወለል የሚወጣ እሳትን አልፌ ልጨርስ ስል መብራት ጠፋ። ቴሌቪዥኑ መካከሉ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ትቶ ጨለመ። ማንም ምንም አላለም፤ ከዚያ ልጁ «ጋሼ፣ ሻማ ላምጣ?» አለኝ። በማግስቱ ደብተሬ ላይ «መብራት» የሚል አዲስ ዓምድ ጨመርኩ፤ መቼ እንደሚጠፋ ለሦስት ሳምንት መዝግቤ በሠፈራችን እሑድ ጠዋት ከሁሉ የተሻለ መሆኑን ስላየሁ፣ እውነተኛውን ሙከራ ለእሑድ ጠዋት አደረግሁት። እማዬ ከቅዳሴ እስክትመለስ ያለው ጊዜ ከነመረግዶቹ ለመጨረስ በቂ ነው።

ከዚያ በኋላ በሁለተኛው እሑድ ጨረስኩት፣ ነገር ግን ያለ መረግድ ነበር። የመጨረሻው ፍልሚያ ላይ አንድም ቀለበት ስለማይሰጥ አንድ ስሕተት ሞት ነው፤ ዶክተሩ ከሚወጡና ከሚወርዱ ግዙፍ ዘንጎች በአንዱ ውስጥ ተደብቆ ሲመጣ እሱን 8 ጊዜ መምታት ያስፈልጋል። ከስሞቹ ዝርዝር በኋላ የመጣው ግን ዶክተሩ ራሱ ነው፤ ያልሰበሰብኳቸውን መረግዶች እንደ ብርቱካን ወደ ላይ እየወረወረ እየቀለበ፣ «ትራይ አጌን» (እንደገና ሞክር) የሚል ጽሑፍ ከፊቱ አድርጎ ይስቅብኛል።

መረግዶቹ የሚገኙት እንዲህ ነው። ከስክራፕ ብሬይን በስተቀር በየዞኑ የመጀመሪያና ሁለተኛ ክፍል መጨረሻ ላይ 50 ቀለበት ይዞ የደረሰ ሰው ትልቅ የሚሽከረከር ቀለበት ይታየዋል፤ ወደ ውስጡ ዘልሎ ሲገባ መላው መንገድ ራሱ የሚዞርበት ምሥጢራዊ ስፍራ ይከፈታል። በድምሩ 10 ዕድል አለ፣ የሚፈለገው 6 ነው። እዚህም ያው ሩጫዬ ነበር የሚያጠፋኝ፤ 50 ሲሞላልኝ በደስታ እሮጥና መጨረሻው ሊታየኝ ሲል ተመትቼ ሁሉንም እበትናለሁ። ስለዚህ 50 ከሞላ በኋላ ያለውን መንገድ እንቁላል የተሸከመ ሰው እንደሚሄድ መሄድ ልማድ አደረግሁ። በሚዞረው ስፍራ ውስጥ ደግሞ ሶኒክን አለማየት ነው ዘዴው፤ እሱ ሁልጊዜ መካከል ላይ ነው። ዓይኔን ወደታች የሚወድቅበት ቦታ ላይ አድርጌ፣ ግድግዳ በነካ ቁጥር አጭር አጭር ዝላይ እያደረግሁ፣ «ጎል» የሚሉትን ቀይ ክቦች መራቅ ተማርኩ፤ እነሱን የነካ ወዲያው ይባረራል። መረግዱን የከበቡት ባለ ቀለም ዕንቁዎች ሲነኩ ቀለማቸውን እየቀየሩ ኋላ ስለሚጠፉ፣ አንዱ ቦታ ላይ ደጋግሞ መዝለል ከመዞር ይሻላል። ከስክራፕ ብሬይን ሁለተኛ ክፍል በኋላ ዶክተሩ ወለሉን ከፍቶ ወደ ውኃው ዋሻ መልሶ እንደሚጥለኝ አውቅ ስለነበር፣ የአረፋ ምንጮቹን ሁሉ ደብተሬ ላይ በሥዕል አስቀምጬ ነበር።

በስድስተኛው ወር አንድ እሑድ ስድስተኛውን መረግድ ስታር ላይት ሁለተኛ ክፍል ላይ አገኘሁ። ቀሪው ሁሉ ጸጥ ያለ ነበር። ቁልቁለቶቹ ላይ ጣቴን አነሣሁ፣ ውኃው ላይ ቆጠርኩ፣ ከዘንጎቹ መካከል 8 ጊዜ መታሁ። ሶኒክ ወደ ግሪን ሂል ተመልሶ መረግዶቹ ዙሪያውን ሲሽከረከሩ ሜዳው ሁሉ በአበባ ተሸፈነ፤ በመጨረሻም ዶክተሩ ብቅ ብሎ «ኢንድ» የሚለውን ጽሑፍ በንዴት ይረግጠው ጀመር። ልጁ ጮኸ። እማዬ ነጠላዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ «ምን ሆናችሁ?» አለችን።

ደብተሩን ሳብ አድርጌ የዚያን ቀን መስመር ሞላሁ። ቀን፦ እሑድ። የሞትኩበት ቦታ፦ ማርብል ሦስተኛ ክፍል ሁለት ጊዜ፣ ላቢሪንዝ አንድ ጊዜ። የገደለኝ፦ ችኮላ። መብራት፦ አልጠፋም።